የእታለም ቀለበትና ሰማያዊው አልማዝ፦ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር

ሐሙስ፣ ወደ ድሬ

እታለም በስልክ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «አንቺ ስለ ማዕድን ታነቢያለሽ አይደል? ድንጋይ ሰው ይገድላል?»

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ድሬዳዋ ነው የኖሩት። ቀይ ድንጋይ ያለበት አንድ የወርቅ ቀለበት አላቸው። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ጅቡቲ ደርሰው ሲመለሱ ነው ገዝተው ያመጡላቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ መጣ። ያ ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ጋሼም አብረው ሄዱ።

ለቅሶው ሳይወጣ ሰፈር ውስጥ ወሬ ተነሳ። «ቀለበቱ ነው። ገደ ቢስ ድንጋይ ቤቷ አስገብታ ነው» ተባለ። እታለም ቀለበቱን አውልቀው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ወዲህ ጣታቸው ላይ አይቼው አላውቅም።

አሁን የልጅ ልጃቸው ልታገባ ነው። ቀለበቱን ሊሰጧት ይፈልጋሉ፤ ደግሞ ይፈራሉ። ድንጋዩን የያዘው ጥርስ ስለላላ ሐረር የሚያውቁት አንጥረኛ ዘንድ ሊወስዱት አስበዋል። «ነይና አብረን እንሂድ» አሉኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም።

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ስለ ሆፕ አልማዝ የሰበሰብኩትን ማስታወሻ ይዤ ነበር። በዓለም ላይ «እርግማን አለበት» ከሚባሉት የከበሩ ድንጋዮች ሁሉ ስሙ የገነነው እሱ ነው። ለእታለም የሚሆን መልስ ካለ እዚያ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አሰብኩ። (የውጭውን ታሪክ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ድንጋዩ ሰማያዊ ነው። 45.52 ካራት ይመዝናል፤ ከ9 ግራም እምብዛም አያልፍም። ድሮ ግን ከዚህ በእጥፍ የሚበልጥ ነበር። ሕንድ ውስጥ፣ በጎልኮንዳ አገር፣ ኮሉር ከሚባለው የአልማዝ ማውጫ እንደመጣ ይታመናል። ዣን ባፕቲስት ታቨርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከሕንድ ይዞት ተመለሰና ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሸጠው። ንጉሡ በ1673 አስጠረቡት። ከመቶ ዓመት በላይ በነገሥታቱ ግምጃ ቤት ቆየ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በመስከረም 1792፣ ተሰረቀ። በ1812 ለንደን ላይ አነስ ያለ ሰማያዊ አልማዝ ብቅ አለ። ያው ድንጋይ ነበር፤ እንደገና ተጠርቧል። በኋላ ሄንሪ ፊሊፕ ሆፕ የሚባል ባለጸጋ እጅ ገባና የሰውየውን ስም ይዞ ቀረ።

ተረቱ ደግሞ ሌላ ነው። ድንጋዩ የሕንድ ጣዖት ዓይን ነበር ይላል። ታቨርኒዬ ፈልቅቆ ሰረቀው፤ ካህናቱም የነካው ሁሉ እንዲጠፋ ረገሙ። እንግዲህ ሉዊ 14ኛ ከገዙት ሰዎች የመጀመሪያው ናቸው። 72 ዓመት ነገሡ! በአውሮፓ ታሪክ እንደሳቸው ረጅም ዘመን የነገሠ የለም። ይህን ተረቱ አያነሳውም።

ጭሮን አልፈን ተራራ ተራራውን ስንጓዝ ቁልቢ ደረስን። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ብድግ ብለው ተሳለሙ። እታለም አንድ ጊዜ ቀለበቱን ለቁልቢ ገብርኤል በስለት ሊሰጡት አስበው እንደነበር ነግረውኛል። ግን «ክፉ ነገር ለመልአክ ይሰጣል ወይ?» ብለው ፈሩ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ አየሩ በአንዴ ተለወጠ። መስኮቱን ከፈትኩት። የገባው ንፋስ ትኩስ ነበር። ድሬ ገባን።

ዓርብ፣ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ላይ ቀን የሚጀምረው በማለዳ ነው። ፀሐይዋ ሳትከር ጉዳይህን መጨረስ አለብህ። እታለም በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀስቅሰው ፉል አበሉኝ። ከዚያ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ወጣን። ሰላምታው አያልቅም። «እንዴት አደርሽ አቦ!» ይላል ባጃጅ ነጂው፣ «ማሚ ሰላም ነው?» ትላለች ሳምቡሳ ጠባሿ። እታለምን የማያውቅ የለም።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ደቻቱ ነው። በዚህ ወቅት ወንዝ አይመስልም፤ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይነዳበታል። ያን ሌሊት ላላየ ሰው ይሄ አሸዋ ከተማ ሊያፈርስ ይችላል ቢሉት አያምንም። ዝናቡ የወረደው ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ውሃው ሰው በተኛበት ሰዓት ደረሰ።

እታለም እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ቤታችን እዚያ ጋ ነበር። እኔ ለቅሶ ብዬ ሐረር አድሬ ነበር።» ትንሽ ዝም አሉ። «ስመለስ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የጠየቀኝ። ‹የት ነበርሽ?› የግድግዳ ጎረቤቴ ደግሞ ቀለበቱን አይታ ‹ጣይው፣ ደቻቱ ውስጥ ወርውሪው› አለችኝ።»

«ለምን አልጣሉትም?»

«እሱ ነዋ ያደረገልኝ!» አሉ፣ ቁጣ ባለው ድምፅ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወደ ለገሃር ሄድን። አሮጌው ጣቢያ አሁን ጸጥ ብሏል፤ ጋሼ የሠሩበት ግቢ ግን አለ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እዚህ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ከባድ ስለነበረ ባቡሩ ከታች ቀረ። ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር።

እዚያ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ነው የኤቫሊን ዋልሽ ማክሊንን ታሪክ የጀመርኩላቸው። ዓመቱ ሲገጥምልኝ ደስ አለኝ። ባቡሩ ድሬ በገባበት በዚያው በ1902 አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ዋልሽ የሚባል ሰው የወርቅ ማዕድኑን ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ሰውየው ከአየርላንድ የተሰደደ አናጺ ነበር። ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ወርቅ መታ፤ በአንድ ጊዜ ባለጸጋ ሆነ። ኤቫሊን ልጁ ናት። አገባች፤ ባሏ ኔድ ማክሊን ደግሞ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ባለቤቶች ልጅ ነው። ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም ገንዘብ የማይቆጥሩ።

በ1910 ፓሪስ ሳሉ ፒየር ካርቲዬ የተባለው ጌጥ ነጋዴ መጣባቸው። አልማዙን ከማሳየቱ በፊት ወሬውን አቀረበ። ጣዖቱን፣ እርግማኑን፣ የሞቱትን፣ የከሰሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ኤቫሊን ቀደም ሲል «ለሌላ ሰው ገደ ቢስ የሆነ ነገር ለእኔ ይቀናኛል» ብላው ነበር። እሱም ይህን አልረሳም።

«ሞኝ ነጋዴ ነው» አሉ እታለም። «ዕቃውን ራሱ ያማል?»

ሞኝ አልነበረም። ሰማያዊ አልማዝ ያላት ሀብታም ብዙ አለች። እርግማን ያለበት አልማዝ ያላት ግን አንድ ብቻ ትሆናለች። ካርቲዬ የሸጠው ድንጋዩን ከነወሬው ነው። ከእሱ በፊትም ጋዜጦች ወሬውን ሲያሞቁት ነበር። ለምሳሌ ሰሊም ሐቢብ የሚባል የድንጋዩ ባለቤት «ባሕር ውስጥ ሰጠመ» ብለው ጻፉ። የሰጠመው ስሙ የተመሳሰለ ሌላ ሰው ነበር። ማንም ተመልሶ አላረመውም። የዚያ ሰውዬ ሞት ድንጋዩ ላይ ተጻፈና ቀረ።

መጀመሪያ ኤቫሊን አልወደደችውም። ካርቲዬ የድንጋዩን ማቀፊያ ቀይሮ ቅዳሜና እሑድ ቤቷ ይደር ብሎ ተወላት። አደረ። ከዚያ በኋላ አልመለሰችውም። በ1911 በ180 ሺህ ዶላር ገዛችው። ውሉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር ገባ፦ በስድስት ወር ውስጥ ከቤተሰቡ ሰው ከሞተ አልማዙ በተመሳሳይ ዋጋ ባለው ጌጥ ይለወጣል። ሞትን እንደ ዕቃ ዋስትና ውል ላይ አሰፈሩት። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይዘገንነኛል።

«ከዚያስ?» አሉ እታለም።

ከዚያማ ልጅ ሞተ። ቪንሰን ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1919፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ መንገድ ሮጦ ሲወጣ መኪና ገጨው። አባትና እናቱ ሌላ ግዛት የፈረስ ውድድር ሊያዩ ሄደው ነበር።

እታለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የት ነበርሽ አሏት አይደል?» አሉኝ።

አዎ። ብለዋታል። ግን ሰው ከዚያም አለፈ። ድንጋዩ ነው አላት። ልጇን ቀብራ ስትመለስ በየጋዜጣው የእርግማኑ ታሪክ ይጠብቃት ነበር። በኋላም በነበራት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ነገር በደረሰባት ቁጥር፣ ያው ወሬ ከእንቅልፉ ይነሳል። ባሏ ጠጪ ነበር፤ በመጨረሻ አእምሮው ታወከና በ1941 ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ጋዜጣው ከስሮ በ1933 በሐራጅ ተሸጠ። በ1946 ሴት ልጇ በ24 ዓመቷ የእንቅልፍ ክኒን ከመጠን በላይ ወስዳ ሞተች። ሁሉም ድንጋዩ ላይ ተጻፈ።

አንድ ነገር ግን የእርግማኑን ወሬ የሚያወሩት አይነግሩንም። ኤቫሊን ወንድም ነበራት። በ1905፣ አልማዙን በዓይኗ ሳታየው፣ አብረው ሲሄዱ መኪናቸው ተገለበጠ። ወንድሟ ሞተ፤ እሷም እግሯ ክፉኛ ተጎዳ። የወንድሟ ስም ቪንሰን ነው። ልጇን በእሱ ስም ነው የጠራችው። ታዲያ የመጀመሪያውን ቪንሰን ማን ገደለው?

እታለም ለረጅም ጊዜ አልመለሱም። ከዚያ «ተነሺ፣ ፀሐይዋ መጣች» አሉኝ። ከቀትር በኋላ ማንም ወጥቶ አልሠራም። ተኛን።

ቅዳሜ፣ ሐረር

ጧት ሚኒባስ ያዝን። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን የተለያየ አገር ነው። ደንገጎን ጠመዝማዛውን ስንወጣ እታለም ጋቢያቸውን አወጡ። አደሌን፣ ሐረማያን አለፍን። አወዳይ ስንደርስ ጫት ጫኙና ገዢው ተደባልቆ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ ክላክስ እየነፋ በመሐል ሰንጥቆ ወጣ።

በሐረር በር ገብተን እስከ ፈረስ መጋላ ወረድን። ከዚያ ወደ መኪና ግርግር ታጠፍን። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ እንደ ልማዳቸው ይንጫጫሉ። የሐረር መንገድ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ያዞራል። እታለም ግን ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት። ቀለበቱን በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ይዘውታል።

አንጥረኛው ሥራውን ከአባቱ የወረሰ ነው። አባቱን እታለም ያውቋቸው ነበር። ትንሽ ሱቅ፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት። ቀለበቱን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው ወርቁን ነው። ጥቁር የመፈተኛ ድንጋይ ላይ አሸት አደረገና አሲድ ጠብ አደረገበት። «ወርቁ ጥሩ ነው እናቴ» አለ። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀዩን ድንጋይ አገላብጦ አየው።

እታለም አላስቻላቸውም። «ድንጋዩ ገደ ቢስ ነው ይላሉ» አሉት።

አንጥረኛው መነጽሩን አወረደ። ያለውን ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። «እናቴ፣ ሰው የሟች ወርቅ ይዞ ይመጣል። ገዱ አይቀናም፣ አቅልጥልኝ፣ ለውጥልኝ ይለኛል። ወላሂ፣ የሟች ቤት ገደ ቢስ ነው ብሎ ቤት ትቶ የወጣ ግን አላየሁም። መሬቱንም ይካፈሉታል። ወርቅ ትንሽ ስለሆነ ነው የሚወቀሰው።»

የጉዞዬን ዋና ነገር የሰማሁት እዚህ ነው ማለት እችላለሁ። ስለ ሆፕ አልማዝ ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የማክሊኖች ቤተሰብ ጋዜጣ ነበረው፣ ትላልቅ ግቢዎች ነበሩት፣ ከማዕድን የመጣ ገንዘብ ነበረው። ባልየው ገንዘቡን በመጠጥና በቁማር ሲበትን ገንዘቡን «እርጉም» ያለው የለም። አንገት ላይ የተንጠለጠለው ድንጋይ ግን ለሁሉም ተጠያቂ ሆነ። ድንጋይ አይከራከርም።

የሙሽራዋን ጣት እታለም በክር ለክተው መጥተዋል። «ተኝታ ሳለ ነው የለካኋት» አሉ ኮራ ብለው። አንጥረኛው ክሩን ተቀበለ። እየሠራ ስለ ሰማያዊው አልማዝ ጠየቀኝ፤ ሙያው ነውና ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል። ሰማያዊ ያደረገው ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር እንደሆነ ነገርኩት፤ አልማዙ ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ነው። ሌላም ነገር አለው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን መትተው መብራቱን ሲያጠፉት በጨለማ ውስጥ እንደ ፍም ቀልቶ ለጥቂት ጊዜ ያበራል። «ሱብሃነላህ» አለ አንጥረኛው፣ መዶሻውን አቁሞ። ይሄ ቅላት እርግማኑን ለሚያምኑ ማስረጃ ሆኗቸዋል። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀኝ። «በእጁ ይዞ ማየት የተፈቀደለት ሰው አለ?»

ነበር። ኤቫሊን ራሷ ትፈቅድ ነበር። ስለ እሷ የምወደው ይሄን ነው። አልማዙን ካዝና ውስጥ አልቆለፈችም። ለውሻዋ አንገት ላይ አሥራለት ታውቃለች። ሙሽሮች ለሰርጋቸው እንዲያደርጉት አውሳለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል እየሄደች የቆሰሉ ወታደሮች እንዲይዙትና እንዲያዩት ትሰጣቸው ነበር። እርግማኑን የምትፈራ ሰው እንዲህ አታደርግም።

«ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመለሱ» አለን። ጊዜ ነበረንና እታለምን ወደ ራምቦ ቤት ወሰድኳቸው። ሕንድ ነጋዴ ያሠራው የሚያምር የእንጨት ቤት ነው፤ ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶቹ ፀሐይ ሲገባባቸው ወለሉን ያሸበርቁታል። ገጣሚው አርቱር ራምቦ በዚህ ቤት ራሱ አልኖረም የሚሉ ብዙ ናቸው። ሐረር ግን ኖሯል። በ1880 መጥቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነግዷል፤ ጦር መሣሪያም ለሸዋ አምጥቷል። ውስጥ ያሉት የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ብቻቸውን መንገዱን ያስረሳሉ።

ለእታለም ስለ መቀነቱ ነገርኳቸው። በ1887 ራምቦ ከካይሮ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አሥራ ስድስት ሺህ ፍራንክ ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ እንደሚዞር ይናገራል። ስምንት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ተቅማጥ አስያዘኝ ይላል። አራት ዓመት ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ። በ1891 ከሐረር በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ባሕሩ ወሰዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ኅዳር ወር ሳያልቅ በ37 ዓመቱ ሞተ።

«ወርቁ ነው» አሉ እታለም ወዲያው። ከዚያ ራሳቸውን ሰሙና አፋቸውን ያዙ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ራምቦ የሞተው ኖቬምበር 10 ቀን ነው። የሆፕ አልማዝ ዋሽንግተን ሙዚየም የገባውም ኖቬምበር 10 ቀን ነው፣ በ1958። እንግዲህ አንድ ጌጥ ሻጭ ይህን ቢያገኘው ምን ሊያደርገው እንደሚችል አስቡት። የሐረር ወርቅ፣ የገጣሚው መቀነት፣ ሰማያዊው አልማዝ፣ አንድ ቀን! ደረቅ እውነት ነው፤ ሁለቱም ቀኖች ትክክል ናቸው። ግን አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አያገናኘውም። እርግማን የሚሠራው እንዲህ ነው። እውነተኛ ሞት ይወሰዳል፣ እውነተኛ ቀን ይወሰዳል፣ በመሐሉ ያለው ክር ብቻ ውሸት ነው።

ሐረር ራሷ እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1855 ወደ ጁገል ሲገባ፣ አንድ ፈረንጅ ግንቡን ካለፈ ከተማይቱ ትወድቃለች የሚል ትንቢት እንዳለ ጽፏል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘ። ትንቢቱ ደረሰ የሚል ይኖራል። ግብፆች ግን የመጡት በርተን ስለገባ አይደለም። ቀይ ባሕርንና የቡናውን ንግድ ስለፈለጉ ነው።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ስንመለስ ቀለበቱ ተጠናቆ ጠበቀን። ጥርሱ ጠብቋል፤ ድንጋዩ ታጥቦ ብርሃን አውጥቷል። አንጥረኛው ለድንጋዩ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም አለ። «ለሙሽራዋ ነው» አለ። እታለም መረቁት።

ማታ በአንድ የሐረሪ ቤት አደርን። ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኖ፣ ወለሉና ደረጃው በቀይ አፈር ተቀብቶ። ቀዩ ቀለም በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ ሐረሪዎች። አንድ ከተማ ሐዘኑን በቤቱ ወለል ላይ ቀብቶ በየቀኑ ሲረግጠው፣ ሲያጥበው፣ ሲያድሰው ይኖራል። ማንም ቀለሙን ገደ ቢስ ነው አላለውም።

ከእራት በኋላ ጅቦቹን ለማየት ወጣን። እታለም ራቅ ብለው ቆሙ። ጅብ አብዪው በእንጨት ላይ ሥጋ እየሰካ ያጎርሳቸዋል፤ እነሱም በጨለማው ውስጥ ዓይናቸው ብልጭ ብልጭ እያለ ይመጣሉ። ሐረሮች ጅብ ሰይጣን ይበላል ይላሉ። በአሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ያቀርቡላቸዋል።

እዚያ ቆመን የታቨርኒዬን መጨረሻ ለእታለም ነገርኳቸው። በተረቱ ውስጥ አውሬ የሆኑ ውሾች ዘነጣጥለው በልተውታል። በእውነቱ ግን 80 ዓመት አልፎት፣ በ1689 ሞስኮ ላይ ነው የሞተው። በዚያ ዕድሜው ገና መንገድ ላይ ነበር፤ እንደ ልማዱ ወደ ምሥራቅ ሊሄድ ነበር።

«በዚያ ዕድሜው?» አሉ እታለም። «ተመርቋል እንጂ መቼ ተረገመ!»

እሑድ፣ ድሬዳዋ

ጧት ሙሸበክና ሐላዋ ገዝተን ወረድን። ሙቀቱ ደንገጎ ሥር ተቀበለን።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ የግድግዳ ጎረቤታቸውም ነበሩ። ሙሽራዋ ቡናውን ትቀዳለች። ሲኒው ሲታጠብ አንዱ ወደቀና ተሰበረ። «ጦሳችንን ይዞ ይሂድ!» አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። እታለም ስብርባሪውን እየለቀሙ ቀና አሉ። «ዕቃማ ሥራው ይሄ ነው» አሉ። «ጦስ ይወስዳል እንጂ ጦስ ያመጣል ያለን ማነው?»

ከዚያ ተቀመጡና የኤቫሊንን ታሪክ ራሳቸው ተረኩት። እኔ ዝም አልኩ። እንደኔ አላወሩትም። አልማዙን በሁለት ቃል አለፉት። ልጁን ግን ከመወለዱ ጀመሩ። ለእሳቸው ታሪኩ የአንድ እናት ታሪክ ነው።

እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። በ1932 የታዋቂው አብራሪ የሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ተሰረቀ። አሜሪካ በሙሉ ተጨነቀች። ኤቫሊን ልጇን ካጣች 13 ዓመት ሆኗታል። ጋስተን ሚንስ የሚባል አታላይ መጣና ልጁን አስመልሳለሁ አላት። ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሰጠችው። ገንዘቡም ልጁም የለም፤ ሰውየው በኋላ ታሰረ። ይህንንም ከእርግማኑ ዝርዝር ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። አንዲት እናት የሌላዋ እናት ልጅ እንዲተርፍ ንብረቷን አወጣች። ይህን ደግነት ድንጋይ አላደረገውም፤ ክፋቱንም ድንጋይ አላደረገውም። ክፋቱን ያደረገው ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው።

ጎረቤታቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ኋላስ? ሴትየዋ ስትሞት ድንጋዩ ለማን ደረሰ?»

በ1947 ሞተች። ኑዛዜዋ ላይ ጌጧን ለልጅ ልጆቿ ሰጠች፤ አድገው 25 ዓመት እስኪሆናቸው በአደራ ተቀባዮች እጅ ይቆይ አለች። አልቆየም። ዕዳ ነበረባት። አደራ ተቀባዮቹ ፈቃድ አወጡና በ1949 ሃሪ ዊንስተን ለሚባል ጌጥ ነጋዴ ሸጡት። እሱም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለሙዚየም በስጦታ ሰጠው፤ በተራ ፓኬት፣ በአደራ ፖስታ ላከው። ዛሬ ማንም ሰው ገብቶ ያየዋል። የልጅ ልጆቿ ግን አያታቸው የተወችላቸውን አላገኙም።

«ስለዚህ እስከ ሰርጉ ምን ያስጠብቀኛል?» አሉ እታለም።

መሐረቡን ከደረታቸው አወጡ። ሙሽራዋን ጠሯት። ልጅቷ ጀበናውን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። «ይሄ ያያትሽ ነው። ከደሞዛቸው ቆጥበው ነው የገዙት» አሏትና ጣቷ ላይ አጠለቁላት።

ክሩ የእንቅልፍ ልክ ነበርና ቀለበቱ ትንሽ ሰፋ። ልጅቷ እጇን ስታወዛውዝ ወደ ጎን ይዞራል። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው። መጀመሪያ የተናገሩት የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው።

«ይወድቅባታል! ክር አምጡ» አሉ የልጅቷን እጅ ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «ከሥሩ እጠመጥምበታለሁ። ወርቃማ ክር ካላችሁ ወርቃማ፤ ካጣችሁም ቀይ ይሆናል።»